የሰባት ሰዓት መስኮቶች

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ አራት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሁለት መስኮቶች አሉ። አንዱም አይከፈትም። ይህን የምጽፈው ለማማረር አይደለም፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አለመከፈታቸውን እያረጋገጥኩ እንጀራ የበላሁት እኔው ነኝ።

ኢፍቱ እባላለሁ። የመስኮት ገምጋሚ ነኝ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከገጽታ ጽሕፈት ቤት እወጣለሁ፣ በቀን ስልሳ መስኮት አያለሁ፣ እያንዳንዱን ከዋናው ምስል ጋር አስተያያለሁ። ዋናው ምስል የምንለው በ2019 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ከአዲስ አበባ የመጣ ቡድን ድሬዳዋን ከዳር እስከ ዳር ያነሳውን ነው። ሕጉ ሌላ ምስል አያውቅም። በምስሉ ላይ ቀለሙ የተላጠ መዝጊያ ሲቀየር፣ አዲሱም እንደተላጠ ይመጣል። ከታች ሦስተኛው ርብራብ ተሰብሮ ከነበረ አዲሱም ሦስተኛው ተሰብሮ ይመጣል፤ ስብራቱ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። የእርግብ ኩስ ከነበረበት ኩሱም ይሠራል። እኔ ኩሱን በመለኪያ እለካለሁ። ከምስሉ ከሁለት ሚሊሜትር በላይ ካለፈ አስነቅላለሁ። ይህ እንግዲህ የአንዲት አዋቂ ሴት የቀን ሥራ ነው።

በምስሉ ላይ መስኮቶቹ በሙሉ ዝግ ናቸው። ስለዚህ የሚተኩትም ዝግ ሆነው ነው። ከአንድ ወፍራም ገበታ ተፈልፍለው ይሠሩና ከግድግዳው ጋር ይጣበቃሉ። ከውጭ ላያቸው እንጨት ናቸው፤ ከውስጥ ግድግዳ ናቸው። በየማዕዘኑ የቆመው ማብራሪያ «የከዚራ ነዋሪ ገመናውን የሚጠብቅ፣ መስኮቱን የማይከፍት ሕዝብ ነበር» ይላል። ጎብኚው ያንን አንብቦ በአድናቆት ራሱን ይነቀንቃል። እኔም ስነቀንቅ ኖሬያለሁ።

ነዋሪው ቅዝቃዜ ይለቀቅለታል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከግድግዳው ይወጣል። አሥራ አንድ ሲሆን ከቤቶቹ ይቋረጥና ወደ መንገዱ ይዞራል፤ ጎብኚው የሚወጣው ያኔ ነዋ። ጎብኚ ሹራብ ደርቦ በከዚራ ዛፎች ሥር ሲንሸራሸር፣ ከግድግዳው ጀርባ ያለው ሰው ይቀቀላል። ወጥቶ በረንዳ ላይ መቀመጥ አይፈቀድለትም፤ በዋናው ምስል ላይ መንገዱ ባዶ ነው። ጓሮው የማቀዝቀዣ ማሽን ተተክሎበታል። ለቅቆ መሄድ ይችላል፤ ለቅቆ የሄደ ግን ቤቱን ለጽሕፈት ቤቱ ትቶ ነው። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ማወቅ ብቻውን ሰውን አያናድድም ለካ፤ እኔን አሥራ ዘጠኝ ዓመት አላናደደኝም።

ግንቦት 2091 ላይ አንድ የልዩነት ማስታወቂያ ደረሰኝ። ልዩነት ማለት ብዙ ጊዜ የቀለም ነው፣ አለዚያም የስንጥቅ። ይሄኛው «ቤት ቁጥር 318፣ የዋናው መንገድ መስኮት። ልዩነት፦ ይከፈታል» ይላል። እንደዚህ ያለ ማስታወቂያ አይቼ አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ማስታወቂያውን የሚያወጣው ማሽን ተሳስቷል ብዬ ነበር።

ከውጭ ለካሁት። አሥራ አራቱንም ርብራብ፣ የቀለሙን ልጣጭ፣ የተሰበረችው ሦስተኛዋ ሳትቀር። አንድ ሚሊሜትር እንኳ አላለፈም። ፋብሪካችን እንደዚያ አድርጎ ሠርቶ አያውቅም። አንኳኳሁ።

የከፈተልኝ ሰማንያ ዓመት የሞላው፣ ቀጭን፣ ሽርጥ ያገለደመ ሰው ነው። ኢብራሂም ዩያ ይባላል፤ ሰፈሩ ኢብሮ ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ አናጢ ነበር።

«አንቺ ነሽ መስኮት የምትለኪው?» አለኝ።

ድሬ ላይ ትልቅ ሰውም ቢሆን አንቱ አይባልም። «እኔ ነኝ። መስኮትህ ይከፈታል ብለው ልከውኝ ነው» አልኩት።

«መስኮት እኮ ነው አቦ። ምን ያድርግ ታዲያ?»

አስገባኝ። ገና አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ነው፣ ቅዝቃዜው ከሄደ ሩብ ሰዓቱ፤ ክፍሉ ግን ጉሮሮ ይይዛል። ሚስቱ ሩቂያ መስኮቱ አጠገብ ፍራሽ ላይ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ደረቷን ያማታል። ሦስት ቃል ትናገርና ትንፋሽ እስኪመለስላት ትጠብቃለች።

«ክፈተው ኢብሮ» አለች። አረፈች። «ትየው። አትፍራት።»

ኢብሮ መቀርቀሪያውን አነሳና ሁለቱን መዝጊያዎች ወደ ውጭ ገፋ። ከደቻቱ ወንዝ በኩል የሚመጣው የማታ ንፋስ ገባ። ድሬ ተወልጄ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ያደግኩት ከወንዙ ማዶ በተሠሩት የታሸጉ ሕንፃዎች ውስጥ ነው። ያ ንፋስ ቤት ውስጥ ሲገባ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ነበር፣ ለቀቀኝ። ሩቂያ ዓይኗን ጨፍና ትንሽ ቆየች፤ ከዚያ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ሥራዬ፣ ጸጉሬን ለምን እንዳሳጠርኩት ሳታቋርጥ ጠየቀችኝ።

«እህል አይበላላት፣ መድኃኒቱ አይሠራላት» አለኝ ኢብሮ። «ይሄ ብቻ ነው የያዘላት። የራሳችንን አልጋ ሳንቃ ፈትቼ ሠራሁት። የእናንተን ገበታ በመጋዝ ቆርጬ አወጣሁት። ቅጣ ካልሽ ቅጪኝ፤ መስኮቱን ግን አትንኪ።»

እኔም የለመድኩትን አደረግሁ። ዋናውን ምስል አውጥቼ አሳየሁት። የእሱ ቤት፣ የእሱ መስኮት፣ ዝግ። የጎረቤቱም ዝግ። መንገዱ ጭር ያለ፣ አንድ ጋሪ ቆሞ፣ ከጋሪው ሥር አንድ ውሻ ተኝቶ።

«ሕጉ ይሄ ነው» አልኩት። «ድሮም አይከፈቱም ነበር።»

ኢብሮ ምስሉን አየው፣ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ያበድኩ መሰልኩት መሰለኝ።

«ተኝተን እኮ ነው» አለኝ።

«ማን?»

«ሁላችንም። የጋሪውን ጥላ እዪ። አለ? የለም። ከሥሩ ገብቷል። ሰባት ሰዓት ነው አቦ፣ የሰኔ ሰባት ሰዓት። ድሬ በሰባት ሰዓት መስኮት የሚከፍት እብድ ነው። ተበልቶ፣ ተዘግቶ፣ ይተኛል። አሥራ አንድ ሲሆን ሁሉም ይከፍታል፣ መንገዱ ይሞላል። እኔ ራሴ ከዚች መስኮት ጀርባ ሲሚንቶው ላይ ተኝቼ ነበር። የስምንት ዓመት ልጅ። መኪናቸው ሲያልፍ ሰምቻለሁ።»

ሩቂያ ሳቀች። «ተኝተው አገኟቸውና ሞተዋል ብለው ጻፉ» አለች።

እኔ አልሳቅኩም። የቡድኑ ማስታወሻ ጽሕፈት ቤታችን አለ፤ ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ። «ለሥራ እንዲያመች ሰውና መኪና የማይበዛበትን ከሰባት እስከ ዘጠኝ ያለውን ሰዓት መርጠናል» ይላል። ሰው ለምን እንደማይበዛ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅኩም። የአንድ ከተማ የቀን እንቅልፍ ሕግ ሆኖ ሰባ ዓመት ሰው ሲያፍን፣ እኔ የእርግብ ኩስ እለካ ነበር። ደሜ ፈላ። በራሴም ጭምር።

«ተወው» አልኩት። «መስኮትህን ማንም አይነካውም። እኔ እነግራቸዋለሁ።»

እንዲህ ብዬ ቃል ሰጠሁ። አፌን ሞልቼ።

የገጽታ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ቃለአብ ይባላል። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ጨዋ ሰው ነው። ጨዋነቱ ነው የሚያሳርረኝ። የጽሕፈት ቤቱ ጉባኤ ፊት የጋሪውን ጥላ አሳየሁ፣ የቡድኑን ማስታወሻ አነበብኩ፣ የኢብሮን ቃል አሰማሁ። የሩቂያንም ነገር ተናገርኩ፤ መስኮቱ ከተነቀለ ሴትዮዋ አትተርፍም አልኩ። በዚህ ቃል ነው ያልኩት፤ መዝገቡ ላይ አለ።

የጉባኤው የታሪክ ባለሙያ መጀመሪያ ተናገረ። «ስለዚህ ምስሉ ትክክል ነው። መስኮቶቹ በዚያ ሰዓት ዝግ ነበሩ።»

«በዚያ ሰዓት» አልኩ።

«መመሪያው የሚጠብቀውም ያንን ሰዓት ነው።»

«ሰዎቹ እኮ ተኝተው ነበር! ሃያ አራት ሰዓት አይተኛም።»

ቃለአብ እጁን አነሳ። «ወይዘሮ ኢፍቱ፣ እርስዎ ያመጡት ቀላል ነገር አይደለም። ጊዜ ይስጡን፣ እናጥናው።»

ያን ጊዜ ደስ አለኝ። ደስ ማለቴ እስካሁን ያሳፍረኛል።

በሁለተኛው ሳምንት ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ንድፍ ዘርግቷል። ተነስቶ ጨበጠኝ።

«ትልቅ ግኝት ነው» አለኝ። «ጎብኚው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሲወጣ የሚጠብቀው ዝግ ከተማ ነበር። አሁን ከዚራ ከእንቅልፏ ስትነቃ ያያል። ሁሉም መስኮት በአንድ ጊዜ ይከፈታል። ፕሮግራሙን የአሥራ አንድ ሰዓት መክፈቻ ብለነዋል። ስምዎ ማብራሪያው ላይ ይገባል።»

ንድፉን አየሁት። መዝጊያዎቹ ማጠፊያ ተደርጎላቸዋል፣ በሞተር ይከፈታሉ። ከኋላቸው አንድ ክንድ የማይሞላ ሳጥን አለ። ሳጥኑ ውስጥ ቢጫ መብራት፣ ነጭ መጋረጃ፣ መጋረጃውን የምታወዛውዝ ትንሽ ማራገቢያ።

«ከማራገቢያዋ ጀርባ ምን አለ?» አልኩት።

«ግድግዳው።»

«ከግድግዳው ጀርባስ?»

ንድፉን አየት አደረገ። «የነዋሪው ክፍል ነው መሰለኝ።»

«ማራገቢያዋ ወደ ውጭ ነው የምትነፍሰው።»

«መጋረጃው ወደ ውጭ ነዋ መውጣት ያለበት። እንዲያ ነው የሚያምረው።»

ሰው አፍኖ የሚገድል ሁሉ ክፉ ፊት ያለው ይመስለኝ ነበር። ይሄ ሰው ከልቡ ነው የተደሰተው። «የኢብሮስ መስኮት?» አልኩት። 318 ማሳያ ቤት ሆኖ ተመርጧል አለኝ፤ ግኝቱ የተገኘው እዚያ ስለሆነ ፕሮግራሙ በእሱ ይጀመራል። ነዋሪው የሠራው ግን ይነቀላል፤ በእጅ የሚከፈት መስኮት ከሌሎቹ እኩል አይከፈትም።

«አልፈርምም» አልኩት። ያለ ገምጋሚ ፊርማ መስኮት አይነቀልም፤ ይህንን ተማምኜ ነው።

«መብትዎ ነው» አለኝ በዚያው ለስላሳ ድምፁ። «ገምጋሚ በሰባት ቀን ውስጥ ካልፈረመ እንደተስማማ ይቆጠራል። አንቀጹን ያውቁታል።»

አውቀዋለሁ። የስንቱን ነዋሪ መስኮት ሳልፈርም በእሱ አንቀጽ አስነቅያለሁ። በሰባቱ ቀን ለከተማው ቅሬታ ሰሚ ጻፍኩ፣ ለጤና ቢሮ ጻፍኩ፣ ደጅ ጠናሁ። ጤና ቢሮ ጉዳዩ የመስኮት ነው አለ። ቅሬታ ሰሚው ጉዳዩ የጤና ነው አለ። ሁለቱም ለገጽታ ጽሕፈት ቤቱ መሩልኝ። ደብዳቤዎቹ ተመልሰው የመጡት እኔው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የመስኮት ጉዳይ የሚመራው ለእኔ ነዋ።

ሐሙስ ጠዋት ነቃዮቹ መጡ። ኢብሮ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«አንቺ ነሽ የነገርሻቸው?»

«እኔ ነኝ። ይከፈት ብዬ ነው ኢብሮ።»

«እሺ» አለ። ይሰድበኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ነቃዮቹ ቴላዮውን፣ የመስኮቱን ክፈፍ፣ በብረት መፈንቀል ሲጀምሩ ግን አላስችል አለው። «እንደሱ አይደለም፣ ትሰነጥቁታላችሁ» ብሎ የራሱን መፍቻ አመጣ። በገዛ እጁ የሠራውን መስኮት በገዛ እጁ ብሎን በብሎን ፈታላቸው። ወስደው መኪና ላይ ጫኑት፤ በሰነዱ ላይ «ማስረጃ» ተብሎ ተመዝግቧል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳጥኑን ከውጭ ገጠሙ፣ ከውስጥ ገበታውን አጣበቁ፣ ኖራ ቀቡት። ሩቂያ ፍራሿ ላይ ሆና ሥራውን ሁሉ አየች።

በዚያው ዕለት ማታ ክፍሉ አርባ አንድ ዲግሪ ነበር። ዓርብ ኢብሮና ሁለት ጎረቤቶች ተሸክመው ጤና ጣቢያ አደረሷት። ቅዳሜ ከወረቀት ጋር መለሷት። ወረቀቱን አይቼዋለሁ። አንድ መስመር ነው፦ «አየር በደንብ የሚገባበት ክፍል ውስጥ ትተኛ።» ኢብሮ ወረቀቱን አጥፎ ለእኔ ሰጠኝ። «ለጽሕፈት ቤትሽ» አለኝ። ቅዳሜ ዝግ ነን።

እሑድ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሩቂያ ሞተች። ሰኞ ጠዋት ቀበርናት። ምክንያቱ «እርጅና» ተብሎ ተመዘገበ። ስንት ዲግሪ ነበር ብሎ የጠየቀ የለም፤ የሚሞላበት ቦታም ፎርሙ ላይ የለም።

ረቡዕ የለቅሶው ሦስተኛ ቀን ነበር። የመክፈቻው ፕሮግራም የሚመረቀውም ረቡዕ ነው። ቃለአብ የግብዣ ወረቀት ልኮልኛል፣ ከፊት ወንበር። እኔ ከወንበሩ ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ ጀርባ፣ ለቅሶ ቤት ነበርኩ። ክፍሉ ውስጥ አሥራ ሰባት ሰው ነን፤ ሴቶቹ በአንድ በኩል፣ ወንዶቹ በአንድ በኩል። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ቅዝቃዜው ተቋረጠ። ወሬውም ቆመ፤ የሚያወራ ሰው ብዙ ያልበዋል፣ የከዚራ ሰው ይህን ተምሯል።

ከግድግዳው ውስጥ የሞተር ድምፅ ተሰማ። ከዚያ የማራገቢያዋ። ከዚያ ውጭ ያለው ሕዝብ አጨበጨበ። ብዙ ነበሩ፣ ቆየ ጭብጨባው።

«ምን ሆነው ነው?» አለ ኢብሮ።

እኔ ነገርኩት። «መስኮቱ ተከፈተ ብለው ነው።»

ግድግዳውን አየ። «የቱ መስኮት?» አለ።

አሽሙር አልነበረም። ከልቡ ነው የጠየቀኝ። ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልተናደድኩት ሁሉ በአንድ ላይ መጣብኝ።

«ዲጅኖ አለህ ኢብሮ?» አልኩት።

«ከበሩ ጀርባ አለ።»

ከባድ ነበር። መጀመሪያ መሃሉን መታሁት፤ ኖራው ብቻ ተፈረፈረ። ኢብሮ ትንሽ አየኝና ተነሳ።

«መሃሉን አትምቺ» አለኝ። «ጠርዙን። ማጣበቂያው እሱ ጋ ነው። ከታች ጀምሪ።»

ከታች ጀመርኩ። ሲደክመኝ አንዱ ጎረቤት ተቀበለኝ፣ ከእሱ ሌላው። ሴቶቹ ፍራሹን ጎትተው ቦታ ለቀቁልን። ውጭ ያሉት የሚሰሙት መሆን አለበት፤ ጭብጨባው ጸጥ ብሏል። በመጨረሻ ገበታው ወደ እኛ ወደቀ። ሳጥኑን በዲጅኖው ጫፍ ወደ ውጭ ገፋሁት፤ መጋረጃው ተቀደደ፣ መብራቱ ጠፋ፣ ማራገቢያዋ መንገድ ላይ ወድቃ እየዞረች ቀረች።

በቀዳዳው በኩል አየኋቸው። ሦስት መቶ የሚሆኑ ሰዎች፣ ሹራብ የደረቡ፣ አንገታቸውን ቀና ያደረጉ። ቃለአብ ከፊት ወንበሩ ተነስቶ አፉን ከፍቶ ቆሟል። እኔ በላብና በኖራ ተለውሼ፣ ዲጅኖ ይዤ ቆሜያለሁ።

«ሰው ሞቷል!» ብዬ ጮህኩ። «እዚህ ቤት ለቅሶ ነው! አፍናችሁ ነው የገደላችኋት!»

ከዚያ ከመሃላቸው አንዲት ሴት ማጨብጨብ ጀመረች። ከጎኗ ያለው ተከተላት። ከዚያ ሁሉም። ከመጀመሪያው የበለጠ ጭብጨባ ነበር፤ የተነሱም አሉ። ማስጎብኘት የሚሠራው ልጅ ማይኩን ይዞ ግራ ተጋብቶ ነበር፤ ከዚያ «እነሆ ነዋሪዎቹ!» አለ።

ዲጅኖው ከእጄ ወደቀ። ኢብሮ ቀስ ብሎ ከጎኔ መጣ። ሕዝቡን አላየም። እጁን በቀዳዳው አውጥቶ ወደ ደቻቱ በኩል ዘረጋው፣ መዳፉን ከፍቶ። ሰላም ያላቸው መስሏቸው ሦስት መቶዎቹም እጃቸውን አውለበለቡለት።

እንዲያ እንደዘረጋ ጥቂት ቆየ።

«አለ» አለኝ፣ ፊቱን ሳያዞር። «ንፋሱ አለ። እኛ ነን የዘገየነው።»